ሁለት ጥማድ በጠረጴዛ ላይ

ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ መሬት እሠራለሁ። መሬት ስል በቅኔ መናገሬ አይደለም። ቦይና ድንበር፣ ጎጆና አውድማ፣ መንገድና ዛፍ ያለበት፣ ነገር ግን ከእራት ጠረጴዛ የማይሰፋ መሬት ነው። ዕድሜው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ዲግሪውን ይዞ ከባንክ መስኮት ጀርባ የሚቀመጥ፣ አልፎ አልፎም ግጥም የሚሞክር የወረታ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በምላጭ ፎም ሲከረክም ቢታይ ምን እንደሚባል ስለማውቅ፣ ይህን ልማዴን ለብዙዎች አላወራሁም። ባለፈው ወር ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ሆነ። እሱን ለማውጋት ከመሣሪያዎቼ መጀመር ይኖርብኛል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከብሩሽና ከወረንጦ ምርጫ ነውና።

ጅማሬው ፎቶግራፍ ነበር። ባሕር ማዶ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት በስልክ ላከልኝ። የዓድዋ ጦርነት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ከአውራ ጣቴ አንጓ የማይረዝሙ አርበኞች ጋሻቸውን መክተው ይሮጣሉ፤ የጣልያን ወታደሮች ከድንጋይ ሥር ተኝተው ይተኩሳሉ። ጠረጴዛውን የከበቡት ጎልማሶች ናቸው። ርቀቱን በሜትር እየለኩ፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ጦሩን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳሉ።

ይህ ነገር ለካ የራሱ ታሪክ አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ ባሮን ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ ቁም ሣጥን የመሰለ ጠረጴዛ አቀረበ። በውስጡ በጀሶ የተሠሩ፣ ቀለም የተቀቡ የመሬት ቁራጮች ነበሩ፤ ወንዙ፣ ኮረብታው፣ መንገዱ እየተገጣጠመ እንደ ተፈለገ ይለዋወጣል። የባሮኑ ልጅ በ1824 ጨዋታውን አሻሻለውና የፕሩስያ ጦር ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ አደረገው። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚካሄድ ውጊያ «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ትልቁ ጦርነት መጣ።

የእኛም አባቶች ከዚህ ጨዋታ ሩቅ አልነበሩም። በመኳንንቱ ቤት ይወደድ የነበረው ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው እንደቀደማቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ይሁን እንጂ የሰንጠረዥ ገበታ መሬት የለውም። ወንዝ አይሻገሩበትም፣ ገደል አይወጡበትም። ከጓደኛዬ ፎቶግራፍ ዓይኔን የያዘው ግን ከአርበኞቹ እግር ሥር ያለው መሬት ነበር፤ ያ የቀይ አፈሩ ቀለም፣ ያ የቁጥቋጦው ጥላ። እኔም ልሥራ አልኩ። ወታደሮቹን በኋላ እገዛለሁ፤ በቅድሚያ የሚቆሙበት ይኑራቸው ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ያበላሸሁት ፎሙን ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም ከሱቅ ለምኜ አመጣሁና በወጥ ቤት ቢላ ለመቁረጥ ሞከርኩ። ፎም በደነዘዘ ስለት ሲነካ እንደ ቆሎ ይረግፋል፤ ቤቱን ሁሉ በረዶ የጣለበት አስመስሎት አደርኩ። ለፎም የሚበጀው አዲስ ምላጭ ነው፤ እሱንም ሳይጫኑ፣ በረጅሙ እየሳቡ፣ ቶሎ ቶሎ እየለወጡ ነው። ቀጥዬ በጣሳ የሚሸጠውን የሚረጭ ቀለም ገዝቼ ኮረብታዬን ረጨሁት። ኮረብታው ዓይኔ እያየ ሟሟ፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ፎሙን በላው። ከዚያ ወዲህ ፎም ላይ በውሃ ከሚበጠበጠው ከግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በቀር አላሳርፍም። መጀመሪያ ቀለሙን በነጭ ኮላ ለውሼ እንደ ቆዳ አለብሰዋለሁ፤ ያ ከደረቀ በኋላ የፈለግሁትን ብቀባው አይከፋውም።

ስለታማውን ነገር ከገበያ ስገዛ የቀሩት መሣሪያዎች ከቤት ተገኙ። እናቴ ስታርፍ ከሌማቷ ጋር የቀረ ወስፌ ነበር። እጀታው ከመዳፏ ላብ የተነሣ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የእርሻ ትልም ለማስመር፣ ለዛፍ ግንድ ቀዳዳ ለመብሳት፣ ከጭቃ ጎጆ ላይ የማገሩን መስመር ለማውጣት ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። አባቴ እሾህ የሚነቅሉበት ወረንጦ ደግሞ ጣት የማይደርስበትን ሣር ያስቀምጥልኛል። ጫፉ ተገጣጥሞ የማይዘጋ ወረንጦ ግን ከንቱ ነው፤ ሲገዙት ወደ ብርሃን አቅንቶ፣ ገጥሞ ማየት ያስፈልጋል። ወንፊቱን አልናገርም፤ ከወጥ ቤት መጥፋቱ እስካሁን ያወዛግበናል።

ወደ ብሩሹ ልምጣ። ጓደኛዬ መጀመሬን ሲሰማ በሰው እጅ ሦስት ብሩሾች ላከልኝ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንዱ እንደ ቅንድብ የቀጠነ። ፀጉራቸው በሳይቤሪያ ከምትኖር ከአንዲት ትንሽ አውሬ ጅራት የተወሰደ ነው አለኝ። እንዲህ ያለውን ብሩሽ ዊንሶር ኤንድ ኒውተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1866 ለንግሥት ቪክቶሪያ እንደ ሠራ ይነገራል። የዚህ ብሩሽ ብልሃት ሆዱ ላይ ነው። ሆዱ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ጫፉ ግን ሁልጊዜ እንደ መርፌ ይሾላል። ቀለም ከብረቱ አንገት አልፎ ከገባ ፀጉሩ ይበተናል፤ ስለዚህ ከግማሹ በላይ አይነከርም፤ ታጥቦም ጫፉ በጣት ተስተካክሎ በጎኑ ተጋድሞ ይደርቃል። በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በአናቱ ቆሞ ያደረ ብሩሽ ጠዋት ጎብጦ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ትልቁን ካጠፋሁ በኋላ ነው። መሬት ሲቀባ «ደረቅ ብሩሽ» የሚባል ዘዴ አለ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ቀለሙን በጨርቅ ላይ አራግፎ፣ የቀረችውን ጥቂት ብናኝ በሻካራው መሬት ላይ ማመላለስ ነው። ብናኙ የሚይዘው ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ነው፤ ጎድጓዳው በጥቁሩ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ፀሐይ ያረፈበት የሚመስል ድንጋይ ይወጣል። እኔም የንግሥት ቪክቶሪያን ብሩሽ ዘመድ ይዤ የፎም ድንጋይ ስፈትግበት አመሸሁ። ጠዋት ላይ ያረጀ መጥረጊያ መስሎ ጠበቀኝ።

ለዚያ ሥራ የሚሆነውን ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤት ነው። የብር መቁጠሪያ ማሽን ከኖቶቹ የሚራገፈውን አቧራ የሚጠርግበት ትንሽ ብሩሽ አለው። ፀጉሩ አጭርና ደረቅ ነው። የእኛው አርጅቶ በአዲስ ሲተካ፣ ከቆሻሻ ቅርጫት አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በድንጋይና በቅርፊት ላይ የሚወዳደረው አልተገኘም። ለመሬት የሚሆነው ዕድሜውን የጨረሰ ብሩሽ ነው። ያን ሰሞን የጫርኳት፣ እስከ ዛሬም ያልጨረስኳት ግጥም ቢጤ ነበረችኝ፦

ስቆጥር የዋልኩት የሰው ገንዘብ አቧራ፣
በብሩሼ ጫፍ ላይ ማታም አብሮኝ ሠራ።
የባንኩ ብድርማ ቀን አለው መክፈያ፣
የወረታስ ዕዳ የት ይሆን ማብቂያ?

መካከለኛው ብሩሽ ለጎጆና ለዛፍ ሆነ። እንደ ቅንድብ የቀጠነውን ግን አልነካሁትም፤ ለወታደሮቹ ዓይን አስቀመጥኩት። ወታደር ሲቀባ በመጨረሻ የሚሠራው ዓይኑ ነው ይላሉ፤ አንዲት የነጭ ነጥብ፣ በላይዋ አንዲት የጥቁር ነጥብ። ብሩሹን ከነቆቡ በመሳቢያ ውስጥ አስተኝቼ፣ ዓይን የሚቀባለትን ሰው ስጠብቅ ኖርኩ።

በዚህ መካከል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ተነሣ። ቤቴ ሰው በዛበት። አባቴ ከገጠር መጥተው እኔ ዘንድ ተቀመጡ። የወንድሜ ልጅም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መጣ፤ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቱ የት እንዳለ አይጠይቅም፤ እኛም አንነግረውም። ቀን ቀን ከሰፈር ልጆች ጋር እንጨት ታጥቆ በየጥጋጥጉ ይተኩሳል። በአፉ የሚያሰማው የተኩስ ድምፅ ከልጅ ጨዋታ የማይጠበቅ ነው፤ የመሣሪያውን ዓይነት በድምፁ ይለያል። እኔም የዓድዋን ፎቶግራፍ ከስልኬ ላይ ማየት ተውኩ። ወታደሮቹን አልገዛሁም። መሬቱን ግን መሥራት አላቆምኩም፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ እጅም ሥራ ይፈልጋል።

አንድ ምሽት አባቴ ከመደባቸው ተነሥተው መጡና ከጀርባዬ ቆሙ። በአሮጌ የቁም ሣጥን ኮምፔርሳቶ ላይ ሰፊ ሜዳ ሠርቼ፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቀብቼው ነበር።

«ይኼ ምንድር ነው ልጄ?»

«ፎገራ ነው» አልኩ።

ዝም ብለው አዩት። «ስንተኛው ወር ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ከጉና ደለል ተሸክመው ሲወርዱ ሜዳው ውሃ ይሆናል። በመስከረም አረንጓዴ ነው። በኅዳር ሩዙ ሲደርስ ይወረዛል፣ ከዚያም ወርቅ ይመስላል። በሚያዝያ ጥቁሩ ዋልካ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይይዛል። የእኔ አረንጓዴ ከአንዱም ወር አልነበረም፤ ከፎቶግራፍ የተቀዳ የሌላ አገር መስክ ነው።

አባቴ ይህን ብለው አልተመለሱም። ከጀበናው አጠገብ ሲኒ አነሡ፣ ውሃ ሞሉና፣ ሳይጠይቁኝ በሜዳዬ መካከል አፈሰሱት። ውሃው አንዳፍታ ቆሞ ወደ ግራ ጥግ ሮጠ፤ ኮላዬ እየነጣ ተላቀቀ። «ይኼ ማሳ ሩዝ አያበቅልም» አሉና ተመልሰው ተኙ።

ያን ሌሊት ተናድጄ አደርኩ። ሲነጋ ግን ነገሩ ገባኝ። ሜዳን ቀላል አድርጌ ይዤው ነበር። ኮረብታ ስህተትን ይሸፍናል፤ ሜዳ አይሸፍንም። ለእኔ ለባንክ ሠራተኛው ፎገራ ከአውቶቡስ መስኮት የሚታይ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ለአባቴ ግን የአንድ ስንዝር ከፍታ ማን ውሃ እንደሚያገኝና ማን እንደሚያጣ የሚለይበት ገበታ ነው። ሩዝ በዚህ ሜዳ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። አባቴ ወጣት ሳሉ ፎገራ ይበልጡን የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ዝርያ እየተባለ ዛሬም ይጠራል። እሳቸው ውሃን በድንበር አስሮ ማስተኛትን በእጃቸው ተማሩት። አሁን ግን መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ሁለት ምርት ሲገባ አላዩም። በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ የሒሳብ ማሽኔን አወጣሁ። በዚህ ሥራ ከሚዘወተሩት ልኬቶች አንዱ 1 ለ72 ነው፤ 1 ሜትር ከ80 የሚሆን ሰው 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልኬት ጉናን ከሜዳው ላይ ላቁም ብል ከ30 ሜትር የሚበልጥ ፎም ያስፈልገኛል። ኮምፔርሳቶዬ 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 86 በ58 ሜትር ገደማ ወጣ፤ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነውና ግማሹ ሁለት ጥማድ ነው። የአባቴ መሬት ሁለት ጥማድ ነው።

ይህን ስነግራቸው የሒሳብ ማሽኑን ተቀብለው ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ኅዳር አድርገው» አሉ።

እኔ መስከረምን ፈልጌ ነበር፤ ገጣሚ ነኝ ባይ ሁሉ መስከረምን ይወዳል። እሳቸው ግን ኅዳር አሉ፤ ሩዝ የሚታጨድበት፣ ባለመሬት ከአውድማው ዳር መቆም ያለበት ወር ነው።

ለእኩል አራሹ ተነገረና ለገበያ ሲመጣ ከማሳው አፈር በፌስታል ይዞ መጣ። ሞልቶ ነበር አሉ የተነሣው፤ ኬላ ላይ «ምንድን ነው?» ተብሎ ተከፍቶ ሲፈተሽ ግማሹ ፈሰሰ። የቀረውን በወንፊት ነፋሁት። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከኮላና ከሰጋቱራ ጋር ለወስነው። ሰጋቱራው እንደ ጭድ ያያይዘዋል። ጭቃውን ከመዘርጋታችን በፊት አባቴ ኮምፔርሳቶውን በውሃ ልክ አስተካከሉት፤ በውሃ ልኩም አላመኑም፣ በሲኒ ውሃ ደገሙት። ድንበሩን በጣታቸው እያድበለበሉ ሠሩ። አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆነው ድንበር በእኛ ልኬት 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሳቸው ጣት ወፍራም ቢሆንም አልሳተም። የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ የት ጋ ጎረቤት አርሶ እንደ ገፋው፣ ውሃ መውረጃው በየት እንደሆነ ያውቁታል። የተገፋውን ቦታ ሲደርሱ ድንበሩን ወደ ቀድሞው መለሱት። እኔም ምንም አላልኩም።

ሩዙ ፈተና ሆነ። ከውጭ የሚመጣ የሣር ብናኝ አለ፤ አረንጓዴነቱ ግን ያው የሌላ አገር ነው። ብዙ አስቤ የግድግዳ ቀለም የሚቀባበትን ትልቁን ብሩሽ አነሣሁ። ፀጉሩ ደረቅና ቢጫ ነው። አባቴ የሚዘሩት ኤክስ-ጅግና የተባለውን ነው፤ ሩዙን እስከ ወገባቸው በእጃቸው አሳዩኝ፤ 1 ሜትር ያህል ነው። ስናካፍለው 14 ሚሊ ሜትር መጣ። ፀጉሩን በዚያው ልክ በምላጭ ቆረጥኩ፣ አሥር አሥሩን በክር አሰርኩ። ከጓደኛዬ ብሩሾች ያበላሸሁትን ትልቁን ደግሞ ለዚሁ ላውለው አሰብኩና አንድ እስር ቆርጬ ተከልኩ። ወዲያው ተኛ። አባቴ ሲያዩት «ይኼ ነፋስ የጣለው ነው» አሉ። የአንዲት ንግሥት ብሩሽ ዘር ለሩዝ አልሆነም፤ የግድግዳው ብሩሽ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

የመትከሉን ሥራ ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁት። እኔ በእናቴ ወስፌ ቀዳዳ እበሳለሁ፤ እሱ እስሩን በወረንጦ ይይዛል፣ ሥሩን ኮላ ያስነካል፣ ይተክላል። በመጀመሪያው ምሽት ሠላሳ ተከለ፤ በሁለተኛው መቶ አለፈ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ሲሠራ የተኩስ ድምፅ አያሰማም ነበር።

«ጋሼ፣ ወታደሮቹስ?» አለኝ አንድ ማታ።

«የሉም።»

«ታዲያ ምን ይደረግበታል?»

«ይታጨዳል» አሉ አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው።

ልጁ አልጠገበም። የተረፈውን ዋልካ ወስዶ እረኞች እንደሚያደርጉት በሬ ሠራ፤ ቀንዱን ከክብሪት እንጨት፣ ሻኛውን ከፍ አድርጎ። ከልኬቱ እጅግ የሚበልጥ በሬ ነው፤ ጎጆውን አክሏል። ላስወጣው ብዬ ነበር፤ አባቴ «ተወው፣ በሬ ሲወደድ ትልቅ ነው» አሉኝ።

የዘለላውን ፍሬ ያወጣሁት የእያንዳንዱን እስር ጫፍ በኮላ ነክቼ ሰጋቱራ በመነስነስ ነው። ከዚያ ያ የብር መቁጠሪያው ብሩሽ ሥራውን ሠራ፤ ቢጫ ቀለም ነክሬ፣ አራግፌ፣ በዘለላው አናት ላይ ብቻ አመላለስኩት። ኅዳር መጣ። ጨረስን ብዬ ብሩሾቼን ሳጥብ አባቴ ጎንበስ ብለው በሩዙ መካከል አዩና «ጓያው የታለ?» አሉ።

በእኛ አገር ሩዙ ሳይታጨድ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ፣ ከሥሩ ጓያ ይዘራል። ሩዙ ሲነሣ ጓያው በቅሎ ይገኛል። በ14 ሚሊ ሜትር ሩዝ ሥር የበቀለ ጓያ ምን ያህል እንደሚሆን ለማስላት የሒሳብ ማሽን አላስፈለገኝም፤ ነጥብ ነው። መሳቢያዬን ከፈትኩና ለወታደር ዓይን ያስቀመጥኩትን ቀጭን ብሩሽ ከቆቡ አወጣሁ። በሁለት ምሽት፣ ትንፋሼን እየያዝኩ፣ በሩዙ እግር ሥር የጓያ ነጥብ ነጠብኩ። ማንም ሰው ቆሞ ቢያይ አይታየውም። አባቴ ግን መነጽራቸውን አድርገው ተደፍተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጨረሻው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጁ ብቻውን ጠረጴዛው ዘንድ ነበር። በገበታው ጥግ ወደ ማሳው የሚገባ የእግር መንገድ ሠርተናል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት የክብሪት እንጨት ተክሎ፣ በመካከላቸው ክር ወጥሯል።

ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዚህ አገር በመንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ምላጬ ከእጄ አጠገብ ነበር። ክሩን ቆርጬ፣ እንጨቱን ነቅዬ፣ ቀዳዳውን በጭቃ ልደፍነው እጄን ስዘረጋ አባቴ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። መጡና መንገዱን አዩ፤ ልጁን አዩ።

«ልለፍ?» አሉ።

ልጁ ቀና አለ። ፊቱ የጨዋታ ፊት አልነበረም። «መታወቂያ» አለ።

አባቴ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም። በፕላስቲክ የተጠቀለለችውን የቀበሌ መታወቂያቸውን አወጡ፣ ጥቅሉን ፈቱ፣ በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሰው ኬላ ላይ እንደሚያደርገው ነው ያደረጉት። ልጁ መታወቂያውን ገለበጠ፣ ፎቶግራፉን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ እንደገና ፎቶግራፉን አየ። ከዚያ መለሰላቸውና በጥፍሩ ክሩን ከአንዱ እንጨት ላይ አወረደ።

«ይለፉ፣ አባባ።»

አባቴም ሁለት ጣታቸውን እግር አድርገው በመንገዱ ገቡ። በቦዩ ዳር ሄዱ፤ ጎረቤት ገፍቶት የነበረውን ድንበር ተከትለው ታጠፉ፤ ትልቁን በሬ በጎኑ አለፉት፤ ሁለቱን ጥማድ ዞረው ሲጨርሱ አውድማው ዳር ደርሰው ቆሙ። እዚያው ብዙ ቆዩ። ልጁም ክሩን በእጁ እንደያዘ ጠበቃቸው።

እነሆ ገበታው ዛሬም በጠረጴዛው ላይ አለ። ሩዙ፣ ድንበሩ፣ ጎጆው፣ በሬውም ሳይቀር በኮላ ጠብቋል፤ አቧራውን በዚያው በብር ብሩሽ እጠርገዋለሁ። ክሩን አልቆረጥኩትም፤ ቦታው ላይ ነው። ነገር ግን ኮላ አላስነካሁትም። በሁለቱ ጥማድ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ያልተጣበቀው እሱ ብቻ ነው።